ምንጣፉን አክብሮ ሸማኔውን መናቅ

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከየቤታችን መደብና ወለል ላይ የተገኘ ነው። ይኸውም፦ ሰው የተሠራውን ነገር እያከበረ የሠራውን ሰው ሊንቅ ይገባዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰማ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ማንም ተነሥቶ «አዎን፣ ይገባዋል» አይልምና። ነገር ግን በአፋችን የማንለውን በኑሮአችን ስንለው ብዙ ጊዜ ኖረናል።

አገራችን ደጋ ነው። ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም፣ በአምባ ፈሪት ዙሪያ ያደገ ሁሉ ብርዱን ያውቀዋል። እንግዳ ሲመጣ መደቡ ይጠረጋል፤ ሰሌን ወይም ቁርበት ይነጠፋል፤ በላዩ አጎዛ ይደረባል። ለከበረ እንግዳ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና ከተቀመጠበት ወጥቶ ይዘረጋል። በከተማ ቤትም ያው ነው፤ ሶፋው ልብስ ይለብሳል፣ በጀርባው ላይ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ይጣልበታል፣ መስኮቱ በመጋረጃ፣ ወለሉ በምንጣፍ ያምራል። እንግዳው «ኖር» ከመባሉ አስቀድሞ ክብሩን ከተነጠፈለት ነገር ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያንም ጫማችንን አውልቀን የምንቆምበት ምንጣፍ፣ የመቅደሱም መጋረጃ ሳይቀር የሰው እጅ ያረፈበት ነው።

ታዲያ ይህ ክብር እንዴት ተሠራ? በጉ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይነደፋል። ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ፈትል ራሱን የቻለ ጊዜ የለውም፤ ውሃ ከተቀዳ፣ እንጀራ ከተጋገረ፣ ልጅ ከተኛ በኋላ በምድጃ ዳር በተረፈች ሰዓት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል እስኪጠራቀም ብዙ ምሽት ያልፋል። ፈትሉ ሲሞላ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔውም እግሮቹን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ማጉን ያስገባል። ዕቃው ጠባብ ስለሆነ ሥራው በቁራጭ በቁራጭ ይወጣና ጎን ለጎን ተሰፍቶ አንድ ባና ይሆናል። አጎዛውም ቢሆን ቆዳ ሠሪ ፍቆ ያለፋው ነው።

እንዲህ የደከመ ሰው በአገራችን ምን ተባለ? ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ»፣ ብረት ሠሪው «ቀጥቃጭ» ተባለ፤ ይባስ ብሎም «ቡዳ» ተብሎ ተፈራ። በብዙ ስፍራ ቤቱ ከመንደር ዳር ሆነ፤ ልጁን ለጋብቻ የሚፈልግ ጠፋ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆኑ በአንቀጽ 25 ደንግጓል። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀነሰ እንጂ ከልባችን ጓዳ ገና አልወጣም። ሕግ አፍን ይገታል፤ ልብን የሚመልሰው ግን ሰውየው ራሱ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይላሉ፦ «እኛ ሸማኔን አንሰድብም። ሥራውን እንገዛዋለን፣ ገንዘቡን እንሰጠዋለን። ከዚህ ሌላ ምን ዕዳ አለብን?» ይህ ቃል ግማሽ እውነት አለው። በአፉ እያመሰገነ ከማይገዛ ሰው ይልቅ ዝም ብሎ ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ይሻላል፤ የሠሪው ልጆች በምስጋና አይጠግቡምና። ሆኖም ገንዘቡ የተከፈለው ለባናው ነው። ሰውየው ሰው በመሆኑ የሚገባው ነገር ገና አልተከፈለም። ራሳችንን በዚህ እንመርምር፦ ሸማኔው ባናውን ተሸክሞ ወደ ቤታችን ቢመጣ የት ይቀመጣል? ለዳኛና ለባለ ሀብት የምንዘረጋውን ለእርሱም እንዘረጋለታለን? ወይስ በደጃፍ ቆሞ ዋጋውን ተቀብሎ ይመለሳል? በገዛ እጁ በሠራው ምንጣፍ ላይ ለመቀመጥ የማይበቃ ሰው አለ ካልን፣ የምናከብረው እንግዳን ሳይሆን ሹመትንና ሀብትን ነው ማለት ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንኑ ነው፤ ጌጠኛውን በመልካም ስፍራ፣ ድኻውን ከእግር በታች የሚያስቀምጡትን። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 ደግሞ ስለ ድንኳኑ ሥራ ስናነብ፣ የፍየል ጠጉር የፈተሉት ሴቶች በቁጥር 26 ተጽፈዋል፤ የከበረ ድንጋይ ያመጡት አለቆች በቁጥር 27 ይከተላሉ። ፈታይዋ ከአለቃው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተቆጥራለች፤ በእኛ ቤት ግን በአንድ መደብ ላይ ለመቀመጥ ትቸገራለች።

ሌሎች ደግሞ «ዛሬ ምንጣፉም ብርድ ልብሱም ከፋብሪካ፣ ከውጭ አገርም ይመጣል፤ የማናውቀውን ሠሪ እንዴት እንንቀዋለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ድኻ ቤተሰብ አቅሙ የፈቀደውን ርካሽ ዕቃ ቢገዛ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ፋብሪካም ያለ ሰው እጅ አይሠራም፤ በኮምቦልቻና በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ወጣትነታቸውን የጨረሱ ወገኖቻችን ምስክር ናቸው። የሠሪው መራቅም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። በፓኪስታን ኢቅባል ማሲህ የሚባል ልጅ ስለ ቤተሰቡ ብድር ገና በአራት ዓመቱ ለምንጣፍ ሠሪዎች ተሰጠ። ካመለጠ በኋላ እንደ እርሱ ታስረው ስለሚሠሩ ሕፃናት በአደባባይ ተናገረ፤ በ1987 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለ በጥይት ተገደለ። እነዚያ ሕፃናት በሠሯቸው ምንጣፎች ላይ የተቀመጡት ሁሉ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ማን ሠራው ብለው አልጠየቁም እንጂ።

ከሁሉ የሚቀርበው ግን በቤታችን ውስጥ ያለው ነው። ባናውን የፈተለችው እናት እንግዳ በመጣ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ትሆናለች፤ በባናው ላይ ሌሎች ይቀመጣሉ። ዳንቴሉን ለብዙ ወር ስትሠራ የቆየች እኅት «እጅሽ ይባረክ» ከተባለች በቂ ይመስለናል፤ ድካሟ እንደ ሥራ፣ ጊዜዋም እንደ ጊዜ አይቆጠርም። ሸማኔውን ለመናቅ ስሙን መጥራት አስፈለገን፤ እናታችንንና እኅታችንን ግን ስም ሳናወጣላቸው ረሳናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሠሪውን ስም አውቀን በስሙ እንጥራው፤ ዕድሜው ከፈቀደም አንቱ እንበለው። በገበያ ስንከራከር የፈትሉን ምሽትና የሸማኔውን ቀን አስበን እንከራከር። እንግዳ በተቀመጠበት እናታችንም ትቀመጥ ዘንድ እንጀራውን እኛ እናቅርብ። ሙያውን መማር የሚፈልግ ወጣት ቢኖር አናሳፍረው። እነዚህ ሁሉ በእጃችን ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ሽማግሌ ተልኮ ስለ ጋብቻ ሲነገር «ዘራቸው ምንድን ነው? ባለ እጅ ናቸው ወይ?» የሚል ድምፅ በጓዳ ይሰማል። ያን ጊዜ የምንቀመጠው እነርሱ በሠሩት ባና ላይ ነው። ዝም ብለን እንሰማለን ወይስ እንናገራለን? ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ እምነታችንና ኑሮአችን አንድ መሆናቸው የሚታወቀው በዚህች ሰዓት ነውና፣ እስከዚያ ድረስ መልሳችንን በልባችን አዘጋጅተን እንቆይ።