ወርቅን ትቶ ኩራትን ማጥለቅ



ወርቅ ለሴቶች የተፈቀደ፣ ለወንዶች ሐራም መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ዛሬ ግን በውጭ አገር የሚኖር ወጣት ለኒካሑ ቀለበት ሊገዛ ገብቶ «ነጩን አሳዩኝ» ሲል፣ ነጭ ወርቅም ፓላዲየምም ሊቀርብለት ይችላል። ዓይን በቀላሉ አይለያቸውም፤ ሸሪዓ ግን ይለያቸዋል።

ነጭ ወርቅ ማለት ወርቅ ከፓላዲየም ወይም ከኒኬል ጋር ቀልጦ የነጣ ነው። ባለ 18 ካራቱ ከ100 እጅ 75ቱ ወርቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ወርቅን እንጂ ቢጫ ቀለምን አይደለም።

ፓላዲየም ግን ራሱን የቻለ ማዕድን ነው። በ1802 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን ያገኘው ሲሆን፣ በተፈጥሮው ነጭና ከወርቅ የቀለለ ነው። ወርቅ ስላልሆነም በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለሞች ለወንድ ፈቅደውታል። የሚገዛ ሰው ማኅተሙን ይመልከት፤ 950 የሚል ፓላዲየም ከ1000 እጅ 950ው ንጹሕ ነው።

ታዲያ ሐላል ከሆነ ጉዳዩ አለቀን? አላለቀም። የዚህ ማዕድን ዋጋ በ2019 ከወርቅ በልጦ፣ በ2022 አንዱ ወቄት ከ3000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ኋላም ወርዷል። ዑለሞች ለወርቅ ክልከላ ከጠቀሷቸው ጥበቦች መካከል ማባከን፣ መኩራራትና የድሃን ልብ መስበር ይገኙበታል። ወርቁን ትቶ በሌላ ማዕድን የሚኩራራ ሰው፣ ከስሙ ሸሸ እንጂ ከበሽታው አልዳነም።

«አላህ ውበትን ይወዳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በተናገሩበት ሐዲስ ኩራትን ሲገልጹ፣ እውነትን አለመቀበልና ሰዎችን መናቅ ነው ብለዋል። የእርሳቸው ቀለበት ብር ነበር፤ ደብዳቤም ያትሙበት ነበር። ለማግባት ፈልጎ ምንም ያጣውን ሰሐባም የብረት ቀለበት እንኳ ቢሆን ፈልግ ብለውታል።

ወላጆች ሆይ! ሙሽራውን «ቀለበቱ ከምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀጥሎም «ገንዘቡ ከየት መጣ? ብድር ነውን? ለማንስ ይታይ ብለህ ገዛኸው?» በሉት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማኅተሙ ይመልሳል፤ የቀሩትን የሚመልሰው ኒያው ነው።

አላህ ሐላሉንም በልኩ ከሚጠቀሙት ያድርገን። አሚን።