አፍ የአገሩ ልጅ ስለ መሆኑ

ሰው ሁሉ የሚበላውን ራሱ የመረጠ ይመስለዋል። «ይህን አምጡልኝ፤ ያን አንሡልኝ» ሲል ፈቃዱ ብቻ የተናገረች ይመስለዋል እንጂ ከእርሱ አስቀድሞ የተናገረ ሌላ መኖሩን አያስብም። ዳሩ ግን ነገሩን በዝግታ ለመረመረ ሰው፣ ከአፍ አስቀድሞ የተናገረው ምድሩ ነው፤ ከምድሩም ቀጥሎ ጎረቤቱ ነው፤ አፍ የተናገረው በሦስተኛ ነው። እንግዲህ እንዲህ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ሰው ስለ አበላሉ ልማድ ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ ይገባዋልን? ወይስ ልጅ በአባቱ ቤት በማደጉ እንደማይከሰስ፣ አፍም በአገሩ በማደጉ አይከሰስም? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆን አገር የሚፈልግ ሰው ከባሌ ደጋ የተሻለ በቀላሉ አያገኝም። በዚያ አገር መንገዱ በወረደ ቁጥር ማዕዱ ይለወጣል። ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ባለበት በሳነቴ ሜዳ ላይ ብርዱ እህል አያስበቅልም፤ በዚያ ከብቱን የሚያሰማራ ሰው ወተቱንና ቅቤውን ያያል እንጂ ነዶ አያስርም። ወደ ዲንሾ ሲወረድ ገብስ ይገኛል። በጎባና በሮቤ፣ በሲናናም ሜዳ፣ ዓይን እስኪታክት ድረስ ስንዴ ነው፤ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ሁለት ጊዜ የሚያጭድ ገበሬ በዚያ አለ። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጎሮ ደግሞ ከደጋው ዝቅ፣ ከቆላው ከፍ ብላ በመካከል ተቀምጣለች። ስለዚህም ስንዴውንም ጤፉንም በቆሎውንም ታውቃለች፤ አብሽና ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድም ከማሳዋ ወጥቶ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል። የወይብ ወንዝ ዋሻውን ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ ምድሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ በዚያ የቤቱ ጎተራ ፍየልና ግመል ነው። በደቡብ በኩል በሐረና ጫካ ቡና ያለ ዘሪ ይበቅላል፤ የማር ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ብርቱ እግረኛ በጥቂት ቀን በሚጨርሰው አገር ውስጥ ነው። የደጋው ልጅ የግመል ወተት ቢጠየፍ፣ የቆላውም ልጅ የገብስ ገንፎ ቢከብደው፣ ከሁለቱ ጥፋተኛው ማነው?

ነገር ግን «ሰው ምድር ያበቀለችለትን ይበላል» ብሎ ነገሩን መዝጋት ችኮላ ነው። ይህን ለማፍረስ ገብስ ብቻውን ይበቃል። ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱም በጎጃም ወይም በጎንደር ቤት በውኃና በጨው ታሽቶ በሶ ይባላል፤ ሲበጠበጥም ይጠጣል። በባሌና በአርሲ ቤት ይኸው ዱቄት፣ እንደዚያኛው ተቆልቶ እንደዚያኛው ተፈጭቶ፣ በተነጠረ ቅቤ ይለወስና ጭኮ ይባላል። ሁለቱም የመንገደኛ ስንቅ ናቸው። ምድር ለሁለቱ ወገን አንድ እህል ሰጠች፤ ውኃውንና ቅቤውን ግን የለየችው ምድር አይደለችም። እንግዲያ ማን ለየው? በአንደኛው ወገን ከብት ከሁሉ በፊት የማረሻ ረዳት ነው፤ ደግሞም ከዓመቱ ቀኖች ለምእመናን 180 ያህሉ፣ ለካህናትም እስከ 250 የሚደርሰው ጾም ስለ ሆነ፣ ቅቤ የዓመቱን እኩሌታ ከቤቱ ተሰናብቶ ይከርማል። ስንቅ ደግሞ ጾምም ፍስክም ሳይል የሚያገለግል ሊሆን ግድ ነው፤ ውኃ ከዚህ የተነሣ አሸነፈ። በሁለተኛው ወገን፣ የአርሲ ኦሮሞ አባቶች ከእርሻ ይልቅ በከብት እርባታ የታወቁ ስለ ነበሩ ቅቤ ከደጃቸው አይርቅም ነበር፤ የእስልምናም ጾም የሚለየው ሰዓትን ነው እንጂ የምግብን ዓይነት አይደለም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቅቤው ያው ቅቤ ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንደሚባለው፣ ዱቄቱ ሰሙ ነው፤ የበረቱ ስፋትና የጎረቤቱ ሕግ ወርቁ ነው። ሰሙን ብቻ የቀመሰ ሰው «የእነዚህ ስንቅ ደረቅ ነው፤ የእነዚያ ስንቅ ቅባት ነው» ብሎ ይሄዳል፤ የበላውን ግን አላወቀውም።

ልማድ ደግሞ በምላስ ላይ አይቆምም፤ ወደ ሰውነት ዘልቆ ይገባል። በዓለም ካሉት ሰዎች የሚበዙት ጡት ከተዉ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት ኃይላቸው እየደከመ ይሄዳል። ለብዙ ሺህ ዓመት ከብት በማርባት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን፣ በሰሜን አውሮፓም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ይህ ኃይል በጉልምስናም ጊዜ ከብዙዎቹ እንደማይለይ የዘር ውርስ ምርመራ አሳይቷል። ስለዚህ ወተት ጠጥቶ ሆዱን የታመመውን ሰው «ቀበጥ» ማለት ስድብ እንጂ ምክር አይደለም።

ቋንቋም ይመሰክራል። አማርኛ ተናጋሪ ሥራ ሊፈልግ ከአገሩ ሲወጣ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ይባላል፤ የሌላውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው «የእንጀራ አባት» ይባላል። በከብት አርቢው ዘንድ ግን በምርቃት ጊዜ የሚነሣው ሣሩና ወተቱ ነው። አንዱ ለሌላው ቤት እንግዳ ሆኖ በገባ ጊዜ፣ እንጀራ ያላየው «ረኃብ ነው» ይላል፤ ላም ያላየው ደግሞ «ድኅነት ነው» ይላል፤ ሁለቱም ጠግበው ሳለ ማለት ነው።

«የአባቶቻችን ምግብ» እያሉ በማዕድ የሚመኩ ሰዎች ደግሞ ጥቂት ነገር ሊያስታውሱ ይገባል። በርበሬ የተገኘበት አገር አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያ ወጥ ውስጥ አልነበረም፤ በቆሎም እንዲሁ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል። ጣሊያንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ ፓስታውና መኮሮኒው ቀረ፤ ዛሬ በከተማ በዓርብና በረቡዕ የሚበላ የጾም ምግብ ሆኗል። ጠላት ሲባረር ምግቡ ተጠምቆ መቅረቱ የሚያስቅ ነገር ነው። በባሌም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በደርግ ዘመን ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች በትራክተርና በኮምባይነር ስንዴ ሲያመርቱ፣ ገበሬውም ያን መንገድ ሲከተል፣ የከብት አርቢ የልጅ ልጅ የስንዴ ባለቤት ሆነ። ዛሬ የባሌ ጠንካራ ስንዴ ወደ ፓስታ ፋብሪካ ይሄዳል። ዳሩ ግን ስንዴው በሰፋ ቁጥር ግጦሹ ጠበበ፤ ለአራስ ገንፎና ቅንጬ የሚሆነው አጃም ማሳው እያነሰ ሄደ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዘር ዋግ መትቶ በባሌ ማሳ ላይ ባጠፋው ጊዜ፣ በአንድ እግር የቆመ ማዕድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታየ።

እንግዲህ ምድርም ጎረቤትም፣ ገበያም መንግሥትም አፍን የሚቀርጹ ከሆነ፣ ለሰው ፈቃድ ምን ቀረለት? እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይሳሳታል። አንደኛው ሁሉን ነገር «ልማድ ነው» እያለ ከተጠያቂነት ያመልጣል። ሁለተኛው ሁሉን ነገር «ፈቃድ ነው» እያለ ጎረቤቱን ይኮንናል። ለሁለቱም የሚሆን መልስ በመጽሐፍ ውስጥ አለ። በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ እስራኤል ከግብፅ ከወጡ በኋላ በምድረ በዳ የግብፅን ዓሣ፣ ሐብሐቡንና ሽንኩርቱን እያሰቡ አለቀሱ። እግራቸው ከባርነት ወጥቶ ሳለ አፋቸው ገና ግብፅ ነበረ። በአንጻሩ በትንቢተ ዳንኤል በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተቀምጦ የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬና ውኃ ለመነ። ፈቃድ ከአገር ትበረታለች የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። ነገር ግን አንድ ነገር ያልፉታል፤ ዳንኤል ብቻውን አልነበረም። አናንያና አዛርያ ሚሳኤልም ከእርሱ ጋራ ነበሩ፤ በአንድ ላይ ለመኑ፤ በአንድ ላይም ዐሥሩን ቀን ተፈተኑ። አራት ሆነው በባቢሎን መካከል ትንሽ ኢየሩሳሌም ሠሩ፤ ፈቃዳቸውም በዚያች ቤት ውስጥ ጸና። ሰው ከአገሩ ልማድ የሚወጣው ሌላ ጎረቤት ሲያበጅ ነው እንጂ ጥርሱን ስለ ነከሰ ብቻ አይደለም።

ይህን የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪም ያውቀዋል። ከቤቱ ነጭ ጤፍ ለምዶ የወጣ ልጅ፣ ቅኔ ሊማር ሩቅ አገር ሲሄድ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ ይለምናል። በአኮፋዳው ውስጥ የገብሱ ቁራሽና የማሽላው፣ የዳጉሳውና የጤፉ ይደባለቃል፤ አንዱ ትናንት የተጋገረ፣ ሌላው ከሳምንት በፊት የደረቀ ነው። በመጀመሪያው ወር ጤፉን እየፈለገ ይመርጣል። በዓመቱ ምን ምን እንደ በላ አይጠይቅም። ምላሱን ማን አስተማረው? ረኃብ ብቻ እንዳይባል፣ ረኃብ የያዘው እስራኤል አልቅሷል። ያስተማሩት በአንድ ጎጆ አብረውት የሚበሉት ባልንጀሮቹ ናቸው፤ እነርሱ ሳያማርሩ ሲበሉ ማማረር አሳፈረው። እንዲህም ሆኖ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ መምህር ተብሎ ማዕዱ የሰፋለት ሰው የአኮፋዳውን ድርቆሽ ናፍቆ ሲያወራ ይሰማል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ሲመጣለት ከመምህሩ የተለየ ሰው አይደለም።

ከዚህ የተነሣ በጾሙ የሚመካ ሰው አንድ ነገር ማሰብ ይገባዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከወተት የሚከለከለው በእርግጥ በራሱ ብርታት ነውን? የጎረቤቱ ድስት ሁሉ ሽሮ ሲሆን፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ እናቱ ተልባና ሱፍ ስታዘጋጅ፣ ገበያው አተርና ምስር ሲሞላ፣ መጾም ከወንዝ ጋራ እንደ መዋኘት ነው። ብርታቱ የሚታወቀው በማይጾሙ ሰዎች መካከል ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ ነው። ይህን ሲያስብ፣ በሌላ ልማድ ያደገውን ሰው ለመናቅ ምክንያት ያጣል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ የሚበላውንና የማይበላውን እርስ በርሳቸው እንዳይናናቁ የገሠጻቸው ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ሰው ምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ስለ ምላሱ አወላለድ አይጠየቅም፤ ምላስ ስለሚያሳድገው ማዕድ ግን ይጠየቃል። ልጁ ከጡት ወርዶ ለስላሳና ብስኩት ለምዶ ቢያድግ፣ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ያንን ያቀረበው ሰው ነው። ለልጅ አባቱ ምድርም ጎረቤትም ነውና።

እንግዳ በሚቀመጥበት ማዕድም ጥያቄው ያው ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን፣ እስላምም እስላም ያረደውን ይበላል። በጎሮ ገበያ አንድ ሣር የጋጡ ሁለት በሬዎች፣ በቢላዋው ላይ በተጠራው ስም ምክንያት ለሁለት ጎረቤታሞች ሁለት ሥጋ ይሆናሉ። ይህ ሕግ የሚያስቅ የሚመስላቸው የዘመኑ ሰዎች አሉ፤ ሕግን ያለ ዋጋ የሚንቅ ግን የጎረቤቱንም ልብ ይንቃል። ስለዚህ ሠርግ ያለው ክርስቲያን ለእስላም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ያቀርባል፤ እነርሱም በራሳቸው አራጅ ያርዳሉ፤ ሁለት ምድጃ ይነዳል፤ ሠርጉ ግን አንድ ነው። እስላሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል።

ከዚህ የሚበልጥ ጭንቅ የሚመጣው በለቅሶ ጊዜ ነው፤ ሞት ጾምና ፍስክ አይለይምና። በዐቢይ ጾም የእስላሙ ጎረቤት ቤት ኀዘን በገባ ጊዜ፣ ባሏ ከመቃብር መልስ ሳይገባ ክርስቲያኗ ሴት ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ከጾሙ በፊት አንጥራ ያስቀመጠችውን ቅቤ አውርዳ ጭኮ ትለውሳለች፤ የኀዘነተኛው ቤት የለመደው ያ ነውና። ነገር ግን ጨውና ቅመሙ ማለቁን ለማወቅ ጣቷን ወደ አፏ ማድረስ አይቻላትም። ስለዚህ በአጥሩ በኩል ትጣራለች፤ የጎረቤቷም ልጅ መጥታ ትቀምስላታለች። «ጨው ጨምሪበት፣ እትዬ» ትላለች ልጅቱ። ሴቲቱም ጨው ትጨምራለች፤ ከሸፈነችውም በኋላ በራስዋ ተሸክማ በሁለተኛው በር ትገባለች።