ፏፏቴ ለማየት የወጣ ገንዘብ

የዚህ ሳምንት ንባባችን መዝሙር 42 ነው። ከማንበባችን በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ።

ባለፈው ወር ለኢንተርቪው ካምፓላ ሄጄ ነበር። ቀጠሮው ተዛወረ። ያው ታውቁታላችሁ፣ "ሌላ ቀን ተመለስ" ነው። ካባላጋላ ያሳደረኝ ወንድም ፊቴን አየና "ተነስ፣ ዛሬ ስለ ቢሮ አናወራም" ብሎ በጂንጃ መንገድ ታክሲ ውስጥ ከተተኝ። ሙኮኖን አለፍን፣ ካያንጃ ወረድን፣ የቀረውን በእግራችን ገባን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ጫማዬ ደግሞ ለኢንተርቪው የተወለወለው ነው! ምንም አይታይም፤ ዛፍ ብቻ። ወንድሜን "የታለ?" ስለው "ዝም ብለህ ስማ" አለኝ። እውነትም ከዓይን በፊት ጆሮ ደረሰበት።

ሴዚብዋ ይባላል። ቁመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ 40 ሜትር ገደማ የሆነውን ጢስ ዓባይን ያየ ሰው "ይሄ ነው እንዴ?" ሊል ይችላል። ግን ጥቁሩን ድንጋይ እየረገጠ፣ እየተከፈለ፣ እንደገና እየተገናኘ ሲወርድ ቆሜ ቀረሁ። ቦታው የቡጋንዳ መንግሥት ቅርስ ነው። በባጋንዳ ተረት አንዲት እናት በልጅ ፈንታ መንታ ወንዞች ወለደች፤ ስለዚህ ሰዎች መንታ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ድንጋዩ ሥር ስጦታ ያኖራሉ። እኔ የማመልከው ሌላ ነው፤ በሰው እናት ጭንቀት ግን አልስቅም። ስሙን የሉጋንዳ ተናጋሪዎች ሲፈቱት "መንገዴ አይዘጋም" ማለት ነው ይላሉ። ቀጠሮው ለተዛወረበት ሰው ይሄ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ታውቃላችሁ።

ደግሞ ወንድሜ ስልኩ ላይ ካርታ አሳየኝ። ይሄ ውሃ ወደ ሰሜን ወርዶ ኪዮጋ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ከነጭ ዓባይ ጋር ካርቱም ይደርሳል። ካርቱም ላይ ማንን ያገኛል? የኛን ዓባይ! እኔ አገሬ መግባት አልችልም፤ ውሃው ግን ያለ ወረቀት ሄዶ ከአገሬ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

ተመልሼ ይሄን ሁሉ በጸሎት ቤት ስናገር ደስ ብሏችሁ ሰማችሁ። ስንወጣ ግን አንዲት እናታችን፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው፣ እጄን ያዙና "ልጄ፣ ስንት ፈጀ?" አሉኝ። ታክሲው፣ መግቢያው፣ ምሳው... "35 ሺህ ሺሊንግ ይሆናል እማማ" አልኳቸው። ዝም አሉ። የእሳቸው ቤት ዘይት ካለቀ ሳምንት ሆኖት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ነው።

እስቲ አብረን እናስብ። ወንድም ዘይት አጥቶ ሳለ ውበት ለማየት ገንዘብ ማውጣት ኃጢአት ነው ወይ? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ወደ ሽቶዋ ሴት እንሮጣለን፤ ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣውን ሽቶ በጌታ ላይ ስታፈስስ "ለድሆች ቢሰጥ" የተባለላት። እንደ ዮሐንስ 12 ይሄን የተናገረው ይሁዳ ነው፣ ሌባም ነበረ። አያችሁ፣ ጠያቂውን ሌባ ካልነው ተገላገልን! ማቴዎስ 26 ላይ ግን የጠየቁት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ቅን ሰዎችም ይጠይቁታል። እማማም ሌባ አይደሉም። ሽቶው ደግሞ በጌታ ላይ ፈሰሰ፤ የኔ 35 ሺህ በኔ ዓይን ላይ ነው የፈሰሰው። ስለዚህ በዚያ ጥቅስ ልሸሸግ አልችልም።

መንግሥታትም ይሄው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ጢስ ዓባይ ላይ በ1964 እና በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሲሠሩ ውሃው ወደ ማሽኑ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ይቀጥናል። እዚህም ጂንጃ አጠገብ የነበረው ቡጃጋሊ በ2011 በግድብ ውሃ ተውጦ ቀርቷል። መብራት የሌለው ሰው መብራት ቢመርጥ አልፈርድበትም። ግን አንድ ነገር እንደ ጠፋ ማወቅ አለበት።

ኢዮብ 38ን አንብቡ። እግዚአብሔር ኢዮብን ሲጠይቀው፣ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ዝናብ የሚያወርደው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሰው የለም! የሚጠጣ የለም፣ የሚያርስ የለም፣ የሚያመሰግን የለም። ግን ያወርዳል። እኛ ካምፕ ውስጥ ሁሉን በራሽን መስፈሪያ መለካት ለምደናል። ስንት ኪሎ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ቁጥር። እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ቁጥር አልነበርኩም። ይሄ ለሰው አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንጀራ ብቻ የሚያስፈልገን ቢሆን ኖሮ ራሽን በመጣ ቀን ሁላችን ደስተኞች በሆንን ነበር። ሆኖም ያየ ሰው ይሄን ማለት ይቀለዋል። የዚያን ቀን የአንዳችሁ ልጅ መታመሙን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ከሙኮኖ መመለስ ነበረብኝ፤ እሱን አልከራከርም።

አሁን ወደ መዝሙር 42። ጸሐፊው ከቤተ መቅደሱ ርቆ፣ በዮርዳኖስና በሄርሞን አገር ነው ያለው። ሰዎች አምላክህ ወዴት ነው እያሉ ይዘልፉታል። በሄርሞን ሥር ዛሬም ባንያስ የሚባል ፏፏቴ አለ። እሱ ግን የፏፏቴን ድምፅ ሲሰማ አልተጽናናም፤ ማዕበል እንዳለፈበት ነው የተሰማው። ስደተኛ ውበት ሲያይ ይሄም ይመጣል፤ እኔ ያለቀስኩት ለምን ይመስላችኋል? ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እማማን ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ለምኑ?" አሉኝ። ከዚያ ልጅ ሳሉ እንስራ አዝለው በየቀኑ በአንድ ፏፏቴ ሥር ያልፉ እንደነበር ነገሩኝ። "ጎንበስ ብዬ ነበር የማልፈው፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።" በሚመጣው ወር ለሕክምና ካምፓላ ይሄዳሉ፣ አብሬያቸው ነኝ። "ገንዘብ ከተረፈ ውሰደኝ" አሉ፤ በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ጠርተው "መጀመሪያ ዘይቱን ገዝተን ነው ታዲያ" አሉኝ።