ሰውን ለሁለት አንክፈል

ንባብ፦ ማርቆስ 2፥1-12፤ ያዕቆብ 2፥14-17



በወጣቶች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «የቤተ ክርስቲያን ሥራ ወንጌልን መስበክ ነው፤ ዳቦና መድኃኒት የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅት ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለተራበ ሰው ስብከት ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ሆዱ ይጥገብ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተቆርቁረው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሁለቱም ሳያስተውሉ ሰውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ነፍሱን፣ ሌላው ሥጋውን ይዞ ይሄዳል።

እስቲ ወደ ቅፍርናሆሙ ቤት እንመለስ። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሩ ግን ተዘግቶ ነበር። የዘጋው ማን ነው? የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት የተሰበሰበው ሕዝብ ነው! ይህን ልብ እንበል። እኛም ለቃሉ ያለን ጉጉት ከደጅ የተኛውን በሽተኛ እንዳናይ ሊከለክለን ይችላል። ጌታችን ግን ስለ ቃሉ ብሎ በሽተኛውን፣ ስለ በሽታው ብሎም ቃሉን አልተወም። በመጀመሪያ ኃጢአቱ እንደተሰረየ ነገረው፤ ቀጥሎ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘው። ይቅርታውም ፈውሱም የመጣው ከአንድ አፍ፣ ለአንድ ሰው ነው። አዳኛችን ሥጋ የለበሰ አምላክ ነውና ሥጋችንን አይንቅም።

ይህ ጉዳይ በአገራችንም በብርቱ ተነሥቷል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወለጋ ተወላጅ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ስትልክ ከዋነኞቹ አሳቢዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ለወንጌል ስርጭትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ልማቱ ይቅር አላለም። ያለው ነገር፣ ሰው አንድ ነውና የውስጡ መታደስና የኑሮው መሻሻል አይነጣጠሉ፤ ለሕዝቡ የሚያስፈልገውንም አብራው የምትኖረው ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፣ ነው። ድሀ እንጀራ ብቻ እንጂ ወንጌል አያሻውም ማለት ድሀውን እንደ ግማሽ ሰው መቁጠር ነው።

ቄስ ጉዲና ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አላስቀሩትም። በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ሲመቻችላቸውም ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም በኋላ ለዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የቄሱ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ይህን ስንል ከስደት የሸሸ ሁሉ እምነት የለውም ማለታችን አይደለም፤ ጌታችን ራሱ ደቀ መዛሙርቱ ከሚያሳድዷቸው እንዲሸሹ ፈቅዷል። ነገር ግን መንጋውን በነፍሱም በሥጋውም የሚያውቅ እረኛ ጥሎት ለመሄድ እግሩ እንደሚከብደው እንረዳለን።

እኛ ወጣቶች ዛሬ እንዲህ ያለ ፈተና ላይ ላንቆም እንችላለን። ፈተናችን በቤታችን ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት የምንለብሰውን ልብስ የተኮሰችው የቤት ሠራተኛ እኛ እዚህ ስንዘምር የት ናት? ምድጃ ሥር አይደለችምን? አብራን እንድትመጣ እንጋብዛት፤ ደመወዟም በወቅቱ ይሰጣት፤ የማታ ትምህርት መማር ብትፈልግ ሰዓት ይፈቀድላት። ጋብዘን ደመወዟን ብናዘገይ፣ ወይም ደመወዟን ከፍለን ነፍሷን ብንረሳ፣ ከፍለናታል ማለት ነው።

ጎረቤት ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንሸከማለን፤ ይህ መልካም ባህላችን ነው። ከሠልስት በኋላ ግን ባል የሞተባት እናት ደጅ ማን ይቆማል? ውሃ መቅዳት የእኛ ጉልበት ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ መጸለይም የእኛ ነው።

በመንገድ ዳር እጁን የሚዘረጋውንም «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ቃሉ ራሱ ይሰብከናል፤ እኔን የሚመስል ማለት ነውና። እኔን የሚመስል ከሆነ ስም አለው፣ ኀዘን አለው፣ ጸሎትም አለው። ሳንቲሙን ስንሰጥ ስሙን እንጠይቀው።

ሐዋርያው ያዕቆብ ለተራቆተ ሰው መልካም ምኞት ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብት እምነት የሞተ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ሕያው እምነት ይኑረን። በሩን ከሚዘጋው ሕዝብ ሳይሆን ጣራውን ከነደሉት ከአራቱ ጋር እንቆጠር።

ለውይይት፦
1. በማኅበራችን ስብሰባ ምክንያት ከደጅ የቀረ ማን አለ?
2. በዚህ ሳምንት የማንን ስም እንጠይቅ?

የጌታችን ጸጋ ይብዛላችሁ። አሜን።