ካማሺን በትንሽ ገንዘብ ለሚያይ ወጣት

ዕረፍት ሲቃረብ የከተማ ወጣት ሐሳቡ ቶሎ የሚበረው ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ቢሾፍቱ ነው። በበዓል ሰሞን አልጋ የሚወደደው፣ መኪና የሚጠፋውም በእነዚሁ አቅጣጫዎች ነው። አገሩን ዞረው ያዩ ታላላቆች ለታናናሾቻቸው የሚሰጡት ምክር ግን ሰው ወዳልተጋፋበት ወገን መሄድን ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከዚያም ውስጥ ካማሺ፣ እንዲህ ያለ አገር ነው።

ለመጀመር አውቶቡስ መሳፈር እንኳ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሸጎሌ ውስጥ የሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ቤተ መንግሥት አለ። ሼህ ሆጀሌ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ የሆነችውን አሶሳንና አካባቢዋን ያስተዳድሩ የነበሩ ገዥ ሲሆኑ፣ ሰፈሩ የሚጠራውም በእሳቸው ስም ነው። በታክሲ ሒሳብ ደርሶ ይህን ቤት ያየ ወጣት አሶሳ ሲገባ ስለ ከተማዋ አንድ ነገር አውቆ ይገባል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ካርታ ካለማየት ነው። የካማሺ ዞን ከመተከል ዞን የሚለየው በዓባይ፣ ከአሶሳ ዞን የሚለየው በዳቡስ ወንዝ ነው፤ በቀረው ወገን ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። አሶሳ የክልሉ ዋና ከተማ ናትና ካማሺም ከእሷ ጎን ያለ የሚመስለው ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ አሶሳ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በምዕራብ ወለጋ በኩል ወደ መጣበት ወደ ምሥራቅ በመኪና መመለስ ይኖርበታል፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። የካማሺ መንገድ ያለው በወለጋ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊምቢ 440 ገደማ፣ አሶሳ ደግሞ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሁለቱንም ማየት የሚፈልግ ወጣት በየብስ ወደ ካማሺ ሄዶ፣ በዚያው ወደ አሶሳ ዘልቆ፣ የመመለሻውን ብቻ በአውሮፕላን ቢያደርግ ገንዘቡም ጉልበቱም ይተርፈዋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ዓለም አቀፉን ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ካደረገ የአገር ውስጥ በረራው በቅናሽ ስለሚታሰብለት ሁለቱን ቲኬቶች አብሮ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። መስከረም 2011 የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከአሶሳ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ተገድለው፣ ተከትሎ በመጣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል። የወለጋው መስመርም የራሱን መከራ አይቷል። ስለዚህ ወጣቱ ከመነሳቱ በፊት መስመሩ ላይ የሚመላለሱ ሾፌሮችን፣ የመናኸሪያ ሠራተኞችን፣ እዚያ ዘመድ ያላቸውን ሰዎች ይጠይቅ፤ የሰማውም የዚያን ሳምንት ወሬ ይሁን። በሌሊት አይጓዝ። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ ካማሺን ለሌላ ዓመት ትቶ በአየር አሶሳ ገብቶ ይመለስ። ወጣት ልጁን መንገድ የሚሸኝ ወላጅ ከቅናሹ ሁሉ በፊት የሚያስበው ይህንን ነው።

ወቅት መምረጥም ዋጋ አለው። በምዕራቡ አገር ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ የገጠሩ መንገድ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናትና ማንጎ ወዳዱ ደግሞ ሚያዝያንና ግንቦትን ይመርጥ፤ ሙቀቱን ግን ይቻል። በየትኛውም ወር ቢሆን አጎበር የሌለው አልጋ ርካሽ አይደለም። አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ አንድ ጊዜ ወባ የያዘው ሰው በአልጋ ያተረፈውን ሁሉ ለሕክምና ይከፍላል። አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ከቤት ይዞ መሄድ፣ ከተመለሱም በኋላ ትኩሳት ቢሰማ የት እንደከረሙ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ጉዳይ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይላል፤ የአየር መንገዱ ቲኬት ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር በፈረንጆች ቀን ይጻፋል። ውጭ ተወልደው ላደጉ ልጆች ይህ ልዩነት በረራ ሊያሳልፍ ይችላል።

መንገድ ላይ ለወሬ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ዓባይ ካማሺን እየታከከ ወደ ጉባ፣ ወደ ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ይወርዳል፤ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች ከዓባይ ምንጭ ተነስተው ሜዲትራኒያን ባሕር የደረሱት በ114 ቀን ሲሆን፣ ይህንኑ የዓባይ በረሃ አቋርጠዋል። ወጣቱ ግን ውኃው ውስጥ አይግባ፤ አዞ አለበት። በየዳገቱ የሚታየው የቆላ ቀርከሃ የሣር ወገን ነው፤ ለዓመታት ሳያብብ ኖሮ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ ለጋው ደግሞ በክረምት ይበላል። ከክልሉ ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በበርታዎች ዘንድ ዋዛ የሚባል ከቅል የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ አስተርጓሚ መቅጠር ብዙም አያስፈልግም፤ የጉሙዝኛና የበርታኛ ሰላምታ መማር ግን ፊት ያበራል። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። መንገድ ዳር ማንጎ ወይም ማር የምትሸጥ እናት የጠራችውን ዋጋ እንደ ሆቴል ሒሳብ ተከራክሮ ማስቀነስ ነውር ነው፤ የሚተርፈው ሳንቲም ለተጓዡ ምንም ሳይሆን ለእሷ የልጅ ደብተር ነው። በእንግድነት የበላ ሰውም ባዶ እጁን አይመለስ። ስኳር፣ ቡና ወይም ሳሙና ይዞ መግባት በቂ ነው።

አካባቢው ወርቅ የሚታጠብበት ነውና መንገድ ላይ በርካሽ ወርቅ ልሽጥልህ የሚል ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ወርቅ የሚገበያየው ፈቃድ ባለው ሰው ብቻ ስለሆነ እምቢ ማለት ነው። ቴሌብር ጠቃሚ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አያበላም። ስለዚህ ጥሬ ብር በሁለት ቦታ ከፍሎ መያዝ፣ የመመለሻውን የትራንስፖርት ሒሳብ ደግሞ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ለብቻው አስሮ አለመንካት ይበጃል።