ቤት ለውጦ ጓሮን እንደ ገና ስለ መጀመር

ሰው ቤቱን ለቅቆ ወደ ሌላ ስፍራ በሄደ ጊዜ አልጋውንና ሣጥኑን፥ መጽሐፉንና ምጣዱን ሁሉ አስጭኖ ይሄዳል፤ ጓሮውን ግን ሊያስጭነው አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል መሆናቸውን ደንግጓል። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሲኮተኩትና ውኃ ሲያጠጣ የኖረ ሰው በሩን ዘግቶ በሚወጣበት ቀን ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። የፊተኛው፥ የተከለውን ነቅሎ ይሂድ ወይስ ለሚመጣው ይተውለት የሚል ነው፤ ሁለተኛውም፥ በአዲሱ ስፍራ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ምን ይትከል የሚል ነው።

የፊተኛው ቀላል ይመስላል። ያረጀ የሎሚ ዛፍ ሥሩ ተበጥሶ ከተነቀለ በአዲሱ ቦታ የሚጸድቀው በስንት ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ነቃዩ ለራሱ የሚያተርፈው እምብዛም የለም፤ ሌላው ሰው ሳይበላ በመቅረቱ ብቻ ይጽናናል፤ ይህም ምቀኝነት እንጂ ቁጠባ አይባልም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው አለ ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳና ከሌሎችም የቀድሞ ሰፈሮች ብዙ ቤተ ሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ በሄደ ጊዜ ቤቱም ግቢውም ፈርሷል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚነቅል ሰው ከማንም አልቀማም፤ ሊድን የሚችለውን ሁሉ ቢያድን ይገባዋል። ከጤና አዳሙ ቅርንጫፍ፥ ከበሶብላውና ከድንብላሉ ዘር ይወስዳል። እንሰት ያለውም ደስ ይበለው፤ የጉራጌ ሰዎች እንደሚያደርጉት ያልደረሰው እንሰት ተቆርጦ አሚቾው በአፈር ቢቀበር፥ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይበቅላል። መቆረጡ መብዣው ሆነለት።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ጎመን በሁለት ወር ገደማ ለድስት ይደርሳል፤ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዘር የበቀለ ሎሚም ከዚያ ይዘገያል። አንድ ጊዜ የተነቀለ ሰው ጎመን ብቻ የሚተክለው «እንደ ገና ብነሣስ» ብሎ ነው። ይህን ሐሳብ ስንፍና ማለት አይገባም፤ የጥበብን ልብስ የለበሰ ኀዘን ነው። ኀዘኑም እውነተኛ ነው፤ ናቡቴ ከወይን ቦታው የሚሻል ሌላ እንደሚሰጠው ንጉሡ ቢነግረው እንኳ የአባቶቹን ርስት አልለውጥም በማለቱ ሞቷል። አክዓብም ያን የወይን ቦታ የፈለገው የጎመን ቦታ ሊያደርገው እንደ ነበር ልብ ይሏል።

የናቡቴ ነገር ግን ገና ያልተነሣ ሰው ነገር ነው፤ ለተነሡት የተነገረው ሌላ ነው። ሐናንያ ወደ ባቢሎን የሄደው ምርኮ በሁለት ዓመት ይመለሳል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ኤርምያስ ግን ነገሩ ሰባ ዓመት እንደሚሆን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ጽፎ፥ ቤት እንዲሠሩና አትክልት እንዲተክሉ መከራቸው። በሁለት ዓመት ለሚመለስ ሰው ጎመን ይበቃዋል፤ ሰባ ዓመት የተነገረው ሰው ግን ዛፍ ካልተከለ ልጆቹ በምን ጥላ ይቀመጣሉ? የኦሪትም ሕግ ወደ አዲስ ምድር ለሚገባው ሕዝብ የተከለው ዛፍ ፍሬ እስከ ሦስት ዓመት እንዳይበላ፥ በአራተኛው ለእግዚአብሔር እንዲሆን፥ በአምስተኛው እንዲበላ አዘዘ። ለአዲስ ገቢ የተሰጠው ሕግ እንግዲህ የሚጀምረው በመጠበቅ ነው። ይህ ማለት ጎመን አይተከል ማለት አይደለም፤ ቤቱን የለቀቀም ሰው ወጥ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጎመን ብቻ ያለበት ጓሮ ዕቃው ያልተፈታ ቤት ይመስላል፤ ባለቤቱ መጥቷል፥ ገና አልገባም።

የሚያሳፍርም ነገር አለበት። ከእንጦጦ ግርጌ ከቀይ አፈር ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሜዳ የወረደ ሰው የሚያገኘው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የቀሰመው የእጅ ዕውቀት ግማሹ በዚህ አያገለግለውም። የዋሸራን ቅኔ ያወቀ ተማሪ ወደ ጎንጅ ቤት በገባ ጊዜ እንዲሁ ይሆናል፤ ትናንት አስነጋሪ የነበረው ዛሬ በጥግ ተቀምጦ ይሰማል። ሽበት ያለው ሰው በአጥር በኩል ያለውን ወጣት ጎረቤቱን «ልጄ፥ ውኃው በየት በኩል ይወርዳል?» ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል። ባይጠይቅ ግን የሚከፍለው ችግኙ ነው። ደግሞ በአዲስ ሕንፃ ዙሪያ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ጠጠርና የሲሚንቶ ስባሪ የተቀበረበት ነውና፥ ፍግ ከመጨመር በፊት መልቀም ያሻል። ፎቅ ላይ የገባውም ከታቹ የተበሳ ቆርቆሮና ባልዲ ይበቃዋል፤ ጤና አዳም በዚያ ይበቅላል።

በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እየቆለሉ ከፍ ያለ መደብ ይሠሩበታል፤ ትርፉ ውኃ በመካከሉ ባለው ቦይ ይወርዳል። የአቃቂውም ሰው ሎሚውን እንዲሁ በጉብታ ላይ ቢተክለው ሥሩ በሐምሌ ከመታፈን ይድናል፤ ሎሚው እስኪያፈራ ድረስም በመደቡ ዳር ጎመኑን ይለቅማል።