የዓመቱ ቀን ምን ይቆጥራል?

የልደት በዓል ዕድሜን ብቻ የሚቆጥር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ቆሞ እንዲሄድ፣ ሰባት የሞላው ትምህርት ቤት እንዲገባ ስለሚጠበቅ፣ ከዕድሜው ጋር ችሎታም አብሮ ይቆጠራል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በሕዋሳቱ ውስጥ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ መራመድ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልደቱ ሲደርስ የሚጠበቀው እርምጃ ገና አልደረሰም። የዚህ ሐተታ ጸሐፊ መጠራጠር የጀመረው ከዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ላለ ልጅ ዓመቱን ማክበር ለወላጅ ደስታ ነው ወይስ የጎደለውን በየዓመቱ እየቆጠሩ ቁስልን መነካካት?

ጥርጣሬው ሸቤ ላይ ይበረታል። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የቡና ከተማ ልደትን በኬክና በሻማ ማክበር ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ አይደለም። ዓመቱ ራሱም ቢሆን አንድ አይደለም፤ የክትባት ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ መውሊድና አረፋ በጨረቃ የሚሄደውን የሒጅራ ዓመት ተከትለው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ይመጣሉ፣ ለገበሬው ደግሞ ዓመት የሚሞላው እሸት ቡናው ቀልቶ ሲለቀም ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ታርዶ የሚበላው ዓቂቃ የታወቀ ሥርዓት ሲሆን፣ በየዓመቱ ልደትን ማክበር ግን ሃይማኖቱ ያዘዘው አይደለም የሚሉ ዑለማዎች አሉ። እንግዲያስ የሚያሳዝን ቀን ከሆነ፣ ከሌላ አገር የመጣውን ልማድ መተው ይቀል ነበር፤ ጸሐፊውም ለጊዜው በዚህ ሐሳብ ረክቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ዕድሜ በራሱ ምንም አይደለም ብሎ የተነሣ መሆኑ ሲታይ አላስተማመነም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ በአሜሪካ እንኳ በ1983 እ.ኤ.አ. 25 ዓመት ገደማ የነበረው አማካይ ዕድሜያቸው 60 ገደማ የደረሰው ሕክምናው ሲሻሻልና ልጆቹ ከቤተሰብ ጋር ማደግ ሲጀምሩ ነው። በልብ ሕመም ላይ የክረምቱን ሳል ተሻግሮ መስከረምን ያየ ልጅ ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። አማርኛውም ይህንን ያውቃል፤ በበዓል ቀን የሚባለው «እንኳን አደረሰህ» ነውና፣ ምረቃው መድረሱን እንጂ የተሠራውን አይጠይቅም፤ የሚመለሰውም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ስለሆነ፣ የደረሰው ልጁ ብቻ ሳይሆን መራቂውም ጭምር ነው።

ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ በዓሉ የማን ነው? ኦቲዝም፣ ማለትም በመግባባት፣ በስሜት ሕዋሳትና በባሕርይ ላይ ልዩነት የሚያመጣ የአእምሮ እድገት ሁኔታ፣ ያለባትን ልጅ ጭብጨባና ሙዚቃ ሊያሳምማት ይችላል፤ ጆሮዋን ይዛ ጓዳ ከገባች ሳሎን ውስጥ የሚከበረው የእንግዶቹ ቀን ነው። ስለዚህ ድግሱ በልጅቷ ልክ ይሰፋ ይሆናል እንጂ አይቀር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ሁኔታ እንደ እርግማን በሚያይ ሰፈር ልጅን ደብቆ ማሳደግ የቆየ ነገር ነውና፣ ያልተጠራበት በዓል መደበቂያ ይሆናል። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስለ ልጃቸው በአደባባይ መናገራቸው፣ አባዱላ ገመዳም በልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን ማቋቋማቸው ይህንን መደበቂያ ያፈረሰ ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጋቢት 24ን ለኦቲዝም፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጋቢት 12ን ለዳውን ሲንድረም አስቦ ይውላል፤ የኋለኛው ቀን በፈረንጆቹ ሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን የሆነው የሦስቱን 21ኛ ክሮሞዞም ለማስታወስ ነው። እነዚህ ቀኖች ጠቃሚ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት የሸቤ እናት ግን ጎረቤቶቿ የልጇን ቀን እንዲያውቁላት ትፈልጋለች።

ለዚህም ቤቱ ውስጥ ያለው ይበቃል፦ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይቆላል፣ ጢሱ ለእያንዳንዱ ይዞርለታል፣ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በጫጫታ የሚረበሽ ልጅ እንኳ ሲኒ ማቀበል ከለመደ፣ ሁለት እጁን ከማስቀመጫው በታች አድርጎ ሳያፈስ ያደርሳል።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። ጎረቤት ልጁን በስሙ ጠርቶ «እንኳን አደረሰህ» ሲለው፣ መናገር ለማይችለው ልጅ እናቱ ፈጥና ትመልስለት ወይስ ሲኒውን ይዞ እስኪመጣ ይጠበቅ? ጸሐፊው መጠበቁን ይመርጣል፤ ቡናው ቢቀዘቅዝም።